የጥጋብ ዓመት ውፍረት

«ሁለቱን ዓመታት አምጣ» አለኝ ረጅሙ ጠባቂ፣ በሩን ሳያንኳኳ ግቢዬ ውስጥ ገብቶ።

ስለ ዕድሜዬ የመጣ መሰለኝ። «አንዱን እናንተው ወስዳችሁታል፤ ሌላውን ከየት ላምጣ?» አልኩት።

ረጅሙ ወደ አጭሩ ጓደኛው ዞሮ፣ «ሰማህ? ሌላው እሱ ጋ ነው» አለው። አጭሩም ጻፈ።

እንዲህ ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። በእኛ አገር የዛሬ አምስት ዓመት አንድ ሙሉ ዓመት በአዋጅ ተሰርዟል። የቀድሞው የዘመን ሹም ተሽረው የአሁኑ ሹም ሲተኩ፣ መዝገቡን አስከፈቱና የተሻሩትን ሰውዬ የመጨረሻ ዓመት በቀይ ቀለም አጠፉት። በማግስቱ አገሩ በሙሉ በአንድ ዓመት ታናሽ ሆኖ ተነሳ። መጀመሪያ ላይ አልጠላነውም። ኋላ ግን በዚያ ዓመት የተወለዱ ሕፃናት አልተወለዱም ተባለና፣ እናቶቻቸው ያልተወለደ ልጅ አዝለው ገበያ መውጣት ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ ጠባቂዎች አልፎ አልፎ ብቅ እያሉ፣ የተሰረዘውን ዓመት መልሶ ዕድሜው ላይ የደመረ ሰው እንደሌለ ያጣራሉ። እኔም ለዚሁ የመጡ መስሎኝ ነው።

የአጭሩ ጠባቂ ዓይን ግን እጄ ላይ ነበር። ንብ አናቢ ነኝ። ቀፎ ልከፍት ስል ነው የደረሱብኝ፤ ማጨሻዬን እንደያዝኩ ነበር። ጎንበስ ብሎ አሸተተ፣ ጣቱን ሰደደና የተጠቀለለ የእንጨት ልጣጭ መዘዘ።

«ይኸውልህ!» አለ። «እያጨሰው ነው!»

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። የሚፈልጉት የእኔን ዓመት ሳይሆን የዛፍ ዓመት ነው። ልጣጩ የጎረቤቴ የአያ ጓንጉል ነው፤ ከአጥሬ ማዶ ሆኖ ሲልጥ ነፋሱ ወደ እኔ ያመጣዋል፣ እኔም ለማጨሻ እሰበስበዋለሁ። ጭሱ ለስላሳ ነው። ንቦቼ በዚያ ጭስ ሲታጠኑ እንደ ሰንበት ተማሪ ጸጥ ይላሉ። ጠባቂዎቹ ግን ማጨሻዬ ላይ ውኃ ገለበጡበት። የተረፈውን ልጣጭ ከነማጨሻዬ በጆንያ ከተቱና ጆንያው ላይ «ሁለት ዓመት፣ በከፊል የተጨሰ» ብለው ጽፈው ተሸክመው ሄዱ።

አያ ጓንጉል ቀስት ሠሪ ነው። ሥራውን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላስረዳ። ዛፍ በየዓመቱ አንድ ልብስ ይደርባል። ዝናቡ ሲጀምር የሚለብሰው ቀዳዳ የበዛበትና ልፍስፍስ ነው፣ እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። ክረምቱ ከገፋ በኋላ የሚለብሰው ደግሞ ጠንካራ ነው፣ ቀንድ በለው። ሁለቱ አንድ ላይ አንድ ዓመት ይባላሉ። ቀስት ሲሳብ ከሁሉ ይበልጥ የሚወጠረው ጀርባው፣ ማለትም ወደ ዒላማው የሚዞረው ጎኑ ነው። ስለዚህ ጀርባው ከጫፍ እስከ ጫፍ የአንድ ዓመት እንጨት ብቻ መሆን አለበት። ከላይ ያሉት ዓመታት አንድ በአንድ ይላጣሉ፤ ደህና ወፍራም ዓመት ላይ ሲደረስ ስለቱ ይቆማል። እዚያ ዓመት ላይ የጥፍር ያህል ከገባህበት፣ ቀስቱ አንድ ቀን ከዚያች ጭረት ተነስቶ ይሰነጠቃል። ዓመቱ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ጉጥ ያለበት ቦታ ሲደርስ ያብጣል፣ አልፎት ደግሞ ይሰምጣል። ሲያብጥ አብረህ ትወጣለህ፣ ሲሰምጥ አብረህ ትወርዳለህ። ለማስተካከል አይሞከርም።

አያ ጓንጉል ይህን ሁሉ የሚሠራው በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው ነው። ባለ ሁለት እጀታ መላጫውን ወደ ሆዱ ሲስብ፣ ልፍስፍሱ ላይ ከሆነ ኩርሽም ኩርሽም ይላል። ጠንካራው ላይ ሲደርስ ድምፁ ይጠፋል። ያኔ እሱም እጁን ያቆማል። ሚስቱ እትዬ ላቀች ሠላሳ ዓመት ስትናገር እጁን አቁሞላት እንደማያውቅ ትምላለች።

የዘመን ሹም በየአምስት ዓመቱ ሹመቱን ሲያድስ፣ አደባባይ ቆሞ አዲስ ቀስት መሳብ አለበት። እንጨቱ የሚቆረጠው ከዘመን ጽሕፈት ቤት ግቢ ነው። ቀስቱ ከተሳበ በኋላ ይሰቀላል እንጂ ለሌላ ነገር አያገለግልም። ከተሰበረ ግን ሕግ አለው፦ የሠሪው መላጫ ዛፉ በኖረበት ዓመት ልክ ጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ሠሪው እስከዚያ ድረስ ስለት አይጨብጥም። አያ ጓንጉልን ያስተማሩት ሽማግሌ መላጫ ዛሬም እዚያው ነው። ሽማግሌው ካረፉ ቆዩ፤ መላጫው ገና ዘጠኝ ዓመት ይቀረዋል።

የዘንድሮው እንጨት አምና ተቆርጦ ጥላ ውስጥ ሲደርቅ የከረመ ነው። ከማዕከሉ እስከ ቅርፊቱ ሠላሳ አንድ ቀለበት አለው። አያ ጓንጉል ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው። እንግዲህ ይህ ቀስት ከተሰበረ ስለት የሚጨብጠው ሰማንያ ሰባት ሲሞላው ነው ማለት ነው።

ወደ ጠባቂዎቹ ልመለስ። ከእኔ ግቢ ወጥተው አያ ጓንጉል ጋ ሄዱ፤ እኔም ማጨሻዬን ላስመልስ ብዬ ተከተልኳቸው። የዘመን ጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ ልሳኑ ቀድሞ ደርሷል። ልሳኑ ቀጭን ሰው ነው፤ ደንብ ማውጣት ይወዳል፣ ያወጣውን ደግሞ ከማንም በላይ ራሱ ያከብራል። ሳይላጥ የተተወውን የእንጨቱን ጫፍ በመርፌ እየነካ ቀለበቶቹን ይቆጥር ነበር።

«ሠላሳ አንድ» አለ። «ሊሆን አይችልም። መዝገቡ የሚለው ዛፉ ከተተከለ ሠላሳ ዓመቱ ነው።»

«ድገመው» አለው አያ ጓንጉል።

ደገመው። ሠላሳ አንድ። ሦስተኛ ቆጠረ። ላብ አጠመቀው። ከዚያ ፊቱ በራ፦ «ገባኝ! አንዱ ቀለበት ትርፍ ነው።» ብዕሩን አወጣና «ዕድሜው ሠላሳ፣ ከአንድ ትርፍ ቀለበት ጋር» ብሎ ጻፈ። እኛም የትኛው ዓመት ትርፍ እንደሆነ ልባችን ያውቀዋል።

«ከዛሬ ጀምሮ» አለ ልሳኑ፣ «ማንኛውም ዓመት ሳይጠራ አይላጥም። ለፋፊ በገበያው ሦስት ቀን ይጠራል። የእኔ ነው የሚል ይመጣል፣ በዓመቱ ስም ይምላል፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቱ ይዳስሳል። ከፈቀደ ይላጣል፤ ከከለከለ ቀስቱ እዚያው ላይ ይቆማል። ባለቤት ያልተገኘለት ዓመት እንደ ተፈቀደ ይቆጠራል።»

«ዓመትም ባለቤት አለው እንዴ?» አልኩ እኔ።

«መዝገብ ያለው ነገር ሁሉ ባለቤት አለው» አለኝ፣ እንደ ማዘን እያለ። አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩት ሰው ነኝና አልተከራከርኩም።

በእኛ መዝገብ እያንዳንዱ ዓመት ስም አለው። ስሙ የሚወጣለት ገና ሲጀምር ነው፤ ሲያልቅ ማንም አያየውም። ከቅርፊቱ ወደ ውስጥ ሲቆጠር ሁለቱ ቀለበቶች ደንቡ ሳይወጣ ተልጠው ነበር፤ ሦስተኛው የሰላም ዓመት ነበር። ሲጠራ ደብሪቱ የምትባል የጎረቤት ሴት ነጠላዋን አደግድጋ መጣች።

«የእኔ ነው። ያገባሁበት ነው። ማንም እንዳይነካብኝ!»

«በሰላም ዓመት ሰላም አግኝቻለሁ ብለሽ ማይ» አላት ልሳኑ።

ማለች። ከዚያ እንጨቱን በጣቷ ዳሰሰች። መሃሉ ላይ ስትደርስ፣ «እዚህ ጋ ምንድን ነው የሚጎረብጠው?» አለች።

«ጉጥ ነው» አለ አያ ጓንጉል።

«የሰላም ዓመት ጉጥ አለው?»

«ሁሉም አለው፣ እህቴ።»

ሦስተኛው ዓመት ከሥሩ ካሉት አንፃር መናኛ ነበር፤ እዚያ ላይ ቢቆም ቀስቱ የሚረባ አይሆንም። እትዬ ላቀች ደብሪቱን ልታባብላት ሞከረች፣ አልሆነም። አያ ጓንጉል ግን መላጫውን አስቀምጦ ተቀመጠ። «ባሏን አውቀዋለሁ» አለኝ ቀስ ብሎ። «እስከ ነገ እንጠብቅ።» በማግስቱ ገና ጤዛው ሳይረግፍ ደብሪቱ በሩ ላይ ቆማለች፣ ነጠላዋን ዛሬ አላደገደገችም።

«ላጠው!» አለች። «እስከ መጨረሻው ላጠው! ልጣጩንም ስጠኝ፣ እኔው ነኝ የማነደው።»

ልጣጩ ግን የመንግሥት ነውና በጆንያ ገባ።

አራተኛው የመንገድ ዓመት ነበር። አንድ ሰውዬ መጥቶ በዚያ ዓመት በተሠራው መንገድ ሄጃለሁ ብሎ ማለ። ልሳኑ እስከ የት እንደሄደ ጠየቀው። እስከ መጨረሻው፣ አለ ሰውዬው፤ አሥራ አንድ እርምጃ ነው። ከዚያ እንዲላጥ ፈቀደና ወደ ሥራው ሄደ።

አምስተኛው ላይ ስንደርስ ግን ጨዋታው ቀረ። ልሳኑ ከሹሙ የተላከ ወረቀት ይዞ መጣና ቆሞ አነበበ፦ «ከሥር ያለው የመጀመሪያው የሹመት ዓመቴ፣ የጥጋብ ዓመት ነው። የቀስቱ ጀርባ እሱ ይሁን።»

ልሳኑ ሲወጣ አያ ጓንጉል ጠራኝና የእንጨቱን ጫፍ አሳየኝ። «ቢያድግልኝ፣ አንተ ዓይንህ ደህና ነው። እስቲ ቁጠር። አምስተኛው የታለ?»

ፈለግሁ። በአራተኛውና በስድስተኛው መካከል አንዲት የፀጉር ያህል መስመር አለች። የሽንኩርት ልጣጭ ከእሷ ይወፍራል። ከሥሯ ያለው ስድስተኛው ግን፣ ያ ትርፍ የተባለው፣ አውራ ጣት ያህል ነው። ቢጫ ነው፣ ጥቅጥቅ ያለ።

ልዋሽ አልችልም፣ የጥጋብን ዓመት አስታውሰዋለሁ። ስሙ ከወጣለት በኋላ ዝናብ አልጣለም። የዘር እህላችንን በላን፣ ከዚያ የበሬ ጠፍር የቀቀሉ ነበሩ። ንቦቼ አሥራ አራቱንም ቀፎ ጥለው ሄዱ፤ ወዴት እንደሄዱ እስከ ዛሬ አላውቅም። ያኔ ለፋፊው በየሳምንቱ እየዞረ፣ ሕዝቡ ከጥጋብ የተነሳ እንዳይታመም በልኩ እንዲበላ ያስጠነቅቅ ነበር። በልኩ በላን።

«በዚህ ላይ ከቆምኩ» አለ አያ ጓንጉል፣ «ገና ሲሳብ ይሰበራል።»

«ካልቆምክስ?»

«ትእዛዝ ጥሻለሁ። መላጫው ያው ይሰቀላል።»

እትዬ ላቀች ጎመን እየቀነጠሰች ነበር። ቀና አለች። «ሠላሳ ዓመት ይሄ ሰውዬ ሥራ ፈቶ እቤቴ ሊቀመጥ? ጓዳዬ ሊገባ? ድስቴን ሊከድን ሊከፍት? እኔ እሰቀልላቸዋለሁ በሉልኝ።» ጎመኑን አስቀመጠችና፣ «ለመሆኑ» አለች፣ «ይሄ ዓመት ተጠርቷል?»

«ሹሙ እኮ አዘዋል» አልኳት።

«ማዘዝና መማል አንድ ነው? ደንቡ ምን ይላል? ይጠራል፣ ይማላል፣ ይዳሰሳል። ደብሪቱ ምላ የለም እንዴ? ይጠራና፣ ጠግቤ ነበር ብሎ የሚምል ይምጣ።»

ልሳኑ ይህን ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። ነገር ግን ደንቡ የራሱ ነው፤ በገዛ ልጁ ፊት የሚያፍር አባት ይመስል ነበር። «ትክክል ነው» አለ በመጨረሻ። «ሳይጠራ አይሆንም።»

ለፋፊው ገበያ መሃል ቆሞ ጮኸ፦ «የጥጋብ ዓመት የእኔ ነው የሚል፣ እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ በዚያ ዓመት ጠግቤ አድሬያለሁ ብሎ የሚምል፣ ይምጣ!»

እንደዚያ ያለ ጸጥታ ገበያ ላይ ሰምቼ አላውቅም። በርበሬ የምትመዝን ሴት ሚዛኗን በአየር ላይ እንደያዘች ቀረች። አህዮቹ እንኳ ጆሯቸውን አላወዛወዙም። ለፋፊው ጠራ፣ ጠበቀ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ እንደገና ጠራ። ሕዝቡ ጫማውን ተመለከተ። በሁለተኛው ቀንም እንደዚያው ነበር፤ ልዩነቱ፣ ሰው ከሌላው ጊዜ በዝቶ መጥቶ ነበር። ምንም የሚገዛ ሳይኖረው፣ ዝም ለማለት ብቻ የመጣ ሰው አይቻለሁ። በሦስተኛው ቀን ከሩቅ መንደር በበቅሎ የመጡ ሽማግሌ ነበሩ፤ ከበቅሏቸው ወርደው፣ ለፋፊው እስኪጨርስ ቆመው ሰሙና፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ ተመልሰው ተሳፈሩ።

እትዬ ላቀች ወደ ልሳኑ ጠጋ አለች። «አንተስ፣ ልጅ ልሳኑ? አንተ ብትምል ይበቃል እኮ።»

ልሳኑ እጁን ወደ ሆዱ አነሳ። በዚያ ዓመት ቀበቶው ላይ በሚስማር ሦስት ቀዳዳ መጨመሩን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሚስማሩን ያዋስኩት እኔ ነኝ። እጁ ቀበቶው ላይ ሲደርስ ቆመ። «የቀለሙን ብልቃጥ ክፍት ትቼ መጣሁ» አለና ሄደ። ኋላ መዝገቡን ሳየው፣ «ሕዝቡ ከጥጋቡ ብዛት የተነሳ ተነስቶ ለመምጣት ተቸግሯል» ይላል።

ወደ አያ ጓንጉል ግቢ ተመለስን፤ በደንቡ መሠረት ዓመቱ ሊላጥ ነው። አያ ጓንጉል መላጫውን ሲያነሳ ግን የበር ድምፅ ተሰማ። ሹሙ ራሳቸው ልሳኑን አስከትለው መጡ።

የዘመን ሹም የቀኝ እጃቸውን የትንሿን ጣት ጥፍር ያሳድጋሉ። በእጃቸው እንደማይሠሩ የሚታወቀው በዚያ ነው። የእኚህ ሰውዬ ጥፍር የሲኒ እጀታ ያህል ይሆናል። ሰውነታቸው ደልደል ያለ፣ ፊታቸው ፈገግታ የማይጠፋው ናቸው፤ ክፉ ሰው ናቸው ለማለት አልችልም።

«ባለቤት ጠፋ አሉኝ» አሉ። «የጥጋብ ዓመት ባለቤት ይጠፋዋል? የእኔ ነው!» እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አደረጉና ጮክ ብለው ማሉ፦ «በዚያ ዓመት ጠግቤ አድሬያለሁ!»

ይህ ውሸት አልነበረም። ልሳኑ እፎይ ብሎ ጻፈ። እትዬ ላቀች ጎመኗን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ወደ አያ ጓንጉል አየሁ፤ መላጫውን በጨርቅ እየጠቀለለ ነበር፣ ቀስ አድርጎ፣ ሕፃን እንደሚጠቀልል ሰው።

«ይዳስሱ እንግዲህ፣ ጌታዬ» አላቸው። «ደንብ ነው።»

«ከጫፍ እስከ ጫፍ» አለ ልሳኑ።

ሹሙ ጎንበስ አሉ። አያ ጓንጉል የአራተኛውን ዓመት የመጨረሻ ልፍስፍስ በመፋቂያ ጠርጎት ነበርና፣ የጥጋብ ዓመት ከላይ ተገልጦ ይታያል፣ እንደ ጤዛ ያለ ስስ ነገር። ሹሙ በሥልጣን ነው የዳሰሱት። ደብሪቱ በጣቷ ሆድ ነበር የነካችው፤ እሳቸው ግን ባለቤትነታቸው ምልክት እንዲተው ፈልገው ነው መሰለኝ፣ በዚያች ጥፍር ነው የጀመሩት፣ ማኅተም እንደሚመታ ሰው ጫን አድርገው። ጉጡ ላይ ሲደርሱ ዓመቱ አበጠ። እሳቸው አብረው አልወጡም፤ ቀጥ ብለው ሄዱ።

ጥርር አለ።

የጥጋብ ዓመት ከጉጡ ላይ ተነሳና እንደ ሽንኩርት ቆዳ ተጠቀለለ። አንድ ክንድ የሚሆነው በሹሙ ጥፍር ላይ ተንጠለጠለ። ከሥሩ ያ ቢጫው፣ ጥቅጥቁ ብቅ አለ። ሹሙ ጥፍራቸውን አዩት፣ አራገፉት፤ አልወድቅ አላቸው።

«ጌታዬ» አለ አያ ጓንጉል፣ ድምፁን ሳይለውጥ፣ «ስለት የገባበት ዓመት ጀርባ አይሆንም።»

«ማን ነው የቆረጠው?» አሉ ሹሙ።

ልሳኑ ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነክሮ ብዙ አሰበና፣ «ዓመቱ ባለቤቱን ሲያይ በአክብሮት ተነሳ» ብሎ ጻፈ። ሹሙም አነበቡትና ደስ አላቸው።

«ከሥሩ ያለው የትኛው ዓመት ነው?» ብለው ጠየቁ።

ልሳኑ መዝገቡን ገለጠ። ከጥጋብ ዓመት በፊት ያለው ገጽ ቀይ ነው። «ምንም የለም፣ ጌታዬ» አለ።

«ምንም?»

«ምንም አልተመዘገበም።»

ሹሙ ወደ እንጨቱ አዩ። ያ አውራ ጣት የሚያህል ዓመት ዓይናቸው ሥር ተዘርግቷል፤ ሊነኩት ይችላሉ። ወደ መዝገቡ ደግሞ አዩ። ለማመን የመረጡት መዝገቡን ነው። «ምንም ከሌለ የሚያጨቃጭቅም የለም» አሉ። «እዚያው ላይ ይቁም።»

«እሺ፣ ጌታዬ» አለ አያ ጓንጉል፣ መላጫውን ከጨርቁ እየፈታ።

ዘጠኝ ቀን ሠራ። የተረፈውን የጥጋብ ዓመት በመላጫ እንኳ አልላጠውም፤ በመፋቂያ፣ ቀስ እያለ፣ ፎረፎር ከሰው ራስ ላይ እንደሚጠርግ ነው የጠረገው። እኔ ከአጥሩ ማዶ ሆኜ ድምፁን እሰማ ነበር። ኩርሽም ኩርሽም ይላል፣ ከዚያ ጸጥ። አንድ ጊዜ ጉጡ ዙሪያ ግማሽ ቀን ሙሉ ቆየ፤ ምን እየሠራህ ነው ስለው፣ «ዓመቱ የሄደበት እየሄድኩ ነው» አለኝ።

ይህን ዓመት ለፋፊ አልጠራውም። የሌለ ነገር አይጠራማ። ሰው ግን መጣ። አንዷ ወንፊት ልዋስ ብላ መጣች፣ አንዱ ጠፍቶብኛል ያለውን ፍየል ፍለጋ መጣ። እግረ መንገዳቸውን መዳፋቸውን ቢጫው እንጨት ላይ ያሳርፉና ይሄዳሉ። ደብሪቱ ሁለት ጊዜ ነው የመጣችው። በዚያ ዓመት እናቷን ቀብራለች፤ በመዝገቡ መሠረት ግን እናቷ የሞተችበት ቀን የለም፣ ስለዚህም ተዝካር አልተፈቀደላትም ነበር። ቆማ እንጨቱን ዳሰሰችው፣ ጉጡ ላይ ስትደርስ እጇን አቆየች። አያ ጓንጉል ሥራውን አቁሞ ጠበቃት። ወንፊቱን የተዋሰችው ሴትዮ እስከ ዛሬ አልመለሰችም፤ እትዬ ላቀች ይህን አትረሳም።

የሹመቱ ቀን አደባባዩ ሞላ። መድረኩ አጠገብ አንድ ጠባቂ መዶሻና ሚስማር ይዞ ቆሟል። ከፊቱ ባለው ጠረጴዛ ላይ የአያ ጓንጉል መላጫ፣ ለሁሉም ነገር ዝግጁ ሆና፣ ተጋድማለች። እትዬ ላቀች ክንዴን ጨምድዳ ያዘች፤ ጥፍሯ ረጅም ባይሆንም ምልክቱ ሁለት ቀን ቆይቶብኛል። አያ ጓንጉል ብቻውን፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ከሹሙ በስተግራ ቆሟል። ሠሪው መቆም ያለበት እዚያ ነው፤ ቢሰበር ስንጣሪው የሚመጣው ወደዚያ ነውና።

ሹሙ ቀስቱን አነሱ። ጅማቱን ያዙ። ሳቡ።

ቀስቱ ጎበጠ። እስከ ደረታቸው፣ ከዚያ እስከ አገጫቸው ደረሰ፣ ይበልጥ ጎበጠ። እኔ ዓይኔን ልጨፍን ነበር፣ ግን ያን ቢጫ ጀርባ ማየት ማቆም አልቻልኩም። ፀሐይ መትታው ያብረቀርቃል። ጉጡ ላይ ያለችው እብጠት ተወጠረች። አልጮኸችም። አያ ጓንጉል አንገቱን ዘንበል አድርጎ ነበር፤ እንደ ልማዱ እያዳመጠ። ምንም ድምፅ እንዳልሰማ ከፊቱ ገባኝ።

ሹሙ ለቀቁ። ፍላጻው ዒላማውን አልፎ፣ የጠባቂዎቹን ቤት አልፎ፣ ከዘመን ጽሕፈት ቤት በር ላይ ተሰካ። እስከዚያ የሚሄድ ቀስት ከዚህ በፊት ስላልነበረ እዚያ ዒላማ የሚያቆም ሰው አልነበረም። ሕዝቡ እልል አለ። ለማን እልል እንዳለ አልጠየቅሁም፤ ሹሙም አልጠየቁም።

«አያችሁ!» አሉ ቀስቱን ከፍ አድርገው። «የጥጋብ ዓመት ጥንካሬ ይህ ነው!»

ጠባቂው መዶሻውን አስቀመጠ። ሹሙ መላጫዋን ከጠረጴዛው አንስተው በገዛ እጃቸው ለአያ ጓንጉል ሰጡት። ተቀብሎ ስለቱን በአውራ ጣቱ ነካ፣ ከዚያ ብብቱ ሥር ከተታት። እትዬ ላቀች ክንዴን ለቀቀችኝ።

ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ ሹሙ ግን ሞቅ ብሏቸዋል። እጃቸውን ዘርግተው ሕዝቡን ዝም አሰኙ። ወቅቱ ዝናብ ከጀመረ አንድ ወር ማለፍ የነበረበት ነው፤ በላያችን ያለው ሰማይ ግን እንደ ታጠበ ሳህን ነበር። ልሳኑ አዲስ ገጽ ገልጦ፣ ብዕሩን ነክሮ ቆመ።

«ዘንድሮ የጀመርነው ዓመት» አሉ ሹሙ፣ «የልምላሜ ዓመት ተብሎ ይጻፍ!» ተጻፈ። ከዚያ ወደ አያ ጓንጉል ዞሩና ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «የሚቀጥለውን ቀስቴን ደግሞ በዚህ ዓመት ጀርባ ላይ ትሠራልኛለህ። ወፍራም ይሁን።»

አያ ጓንጉል ሰማዩን ቀና ብሎ አየ፣ ከዚያ ሹሙን አየ፣ ከዚያ በጽሕፈት ቤቱ ግቢ የቀሩትን ዛፎች።

«መልካም፣ ጌታዬ» አላቸው። «ዛፉም እንደዚያ ካለ።»